የቴሉራይድ ጎዳና ጠበል

ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግሪን ቫሊ ራንች ቡሌቫርድ ዳር ለቆመ ሰው የሚታይ ትርዒት አለ። ግማሹ መኪና ልጅ ጭኖ ወደ ምዕራብ ይከንፋል፤ ወደ ሞንትቤሎ፣ ወደ ኖርዝፊልድ፣ ከዚያም አልፎ እስከ መሀል ዴንቨር። ግማሹ ደግሞ ከሞንትቤሎና ከዚያ ወዲያ ልጅ ጭኖ ወደ እኛ ሰፈር ይመጣል። ሁለቱ ሰልፎች ታወር ሮድ መብራት ላይ ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ። ይኼኛው አባት የዚያኛውን ሰፈር ትምህርት ቤት ፍለጋ እየወጣ ነው፤ ያኛው የዚህኛውን ፍለጋ እየገባ። የሁለቱም ቡና ገና አልተነካም፤ የሁለቱም ልጅ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን በአንገታቸው ሰላምታ ተለዋውጠው ይተላለፋሉ።

ማንም አላስገደዳቸውም። መርጠው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ነው። አገር ቤት ስምንተኛ ክፍል ማለት ሚኒስትሪ ማለት ነበር፤ የሚፈተነው ልጁ ነው። እዚህ የሚፈተነው ወላጁ ነው። የዴንቨር ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከ2012 ጀምሮ (ዓመቱን የምቆጥረው እንደ ፈረንጁ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ብሄድ ልጄ ሂሳቡን ታርመኛለች) የከተማውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ በአንድ ፎርም ላይ ሰብስቧል። ቻርተር የሚባሉትም፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ እየተዳደሩ የራሳቸው ቦርድ የሚመራቸው፣ እዚያው ውስጥ አሉ። ፎርሙ በጃንዋሪ ይከፈታል፤ ክረምቱ ሳይወጣ ይዘጋል። እስከ 12 ትምህርት ቤት ድረስ በቅደም ተከተል መጻፍ ይቻላል። እናቴ ይህን ስትሰማ «የሐዋርያት ቁጥር ነው፤ ደግ ነው» አለች። እኔ ግን የሰፈሬን ጎረቤቶች ስም እንኳ እስከ 12 መቁጠር አልችልም፤ ትምህርት ቤት ከየት አመጣለሁ?

ለእኛ ሰፈር ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ግሪን ቫሊ ራንች የዴንቨር ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነው። ከእኛ ወዲያ ያለው ሜዳና አየር ማረፊያው ብቻ ነው። አየር ማረፊያው በ1995 ሲከፈት ከተማው ሜዳውን አቋርጦ ወደዚህ መጣ፤ ሐበሻው ደግሞ ከተማውን ተከትሎ መጣ። በአየር ማረፊያው መግቢያ ላይ 32 ጫማ ቁመት ያለው ሰማያዊ ፈረስ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ሌሊት ዓይኖቹ ቀይ ይበራሉ። የቀረጸው ሰው ሉዊስ ሂሜኔዝ በ2006 የዚሁ ፈረስ አካል ወድቆበት ነው የሞተው፤ ፈረሱ በ2008 ተተከለ። እናቴ ከጎጃም የመጣች ቀን ይህን አይታ ሦስት ጊዜ አማተበች። የትምህርት ቤቱ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ከፈረሱ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?»

ሁሉም ከፈረሱ ወዲህ ናቸው። ጭቅጭቁ ከዚያ በኋላ ነው።

ከቤታችን በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት አለ። ቴሉራይድ ጎዳና ላይ በ2010 የተከፈተ ግቢ ነው፤ የተሰየመው በኢቪ ዴኒስ ነው። እኒህ ሴት የዴንቨርን ትምህርት ቤቶች በበላይነት የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ናቸው፤ በአሜሪካ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ውስጥም ትልቅ ወንበር ነበራቸው። ግቢው ውስጥ ካሉት አንዱ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ነው፤ ታላቅ ወንድሙ በ2004 በቀድሞው አየር ማረፊያ ሜዳ ላይ ተከፍቶ ስም ያወጣ። ከሩቅ ሰፈር ሰው እየነዳ ይመጣበታል ያልኳችሁ ይህ ነው።

እኛ ግን አጠገቡ ነን። አጠገቡ መሆናችን ነው ችግሩ። በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ያርሱበታል ይባላል፤ ባለቤቴም በዚህ ተረት የተጠመቀች ናት። «ከቤት ወጥተሽ ተንፍሰሽ የምትደርሺበት ትምህርት ቤት፣ ምን ትምህርት አለው?» አለቻት ልጃችንን። ልጅቷ የሒሳቡን ውጤት ከስልኳ አውጥታ አሳየቻት። ባለቤቴ አላየችውም። እሷ የምታየው መንገዱን ነው፤ መንገዱ አጭር ከሆነ ዕውቀቱም አጭር ነው።

ይህን እምነት ከየት አመጣነው ብዬ ሳስብ ባለቤቴን መውቀስ ይከብደኛል። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን እንዴት ይሠሩ እንደነበር አስቡ። ድጓ የሻ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሻ ዙር አምባ፣ አቋቋም የሻ ጎንደር፣ ቅኔ የሻ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ ቅዳሴ የሻ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ ይወርዳል። ቅደም ተከተል ያለው ፎርም አልነበረም እንጂ ምርጫው ከዴንቨሩ አይተናነስም። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እናቴ የአንድ አጎቷን ታሪክ ትነግረናለች። ሰውዬው የተወለደው ዋሸራ አጠገብ ነው፤ ከዋሸራ ደጅ ቅኔ ሲዘረፍ እየሰማ አደገ። ቅኔ ለመማር ሲነሣ ግን ወደ ጎንጅ ሄደ። ምክንያቱን ሲጠይቁት «ከቤት አጠገብ የሚማር ተማሪ እናቱ ከብት አግድልኝ ትለዋለች» አለ። መንገድ ላይ ደግሞ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ የሚሄድ ተማሪ አገኘ። ምክንያቱን ጠየቀው፤ እሱም ያንኑ አለው። ቆሏቸውን ተካፍለው ተለያዩ።

ታወር ሮድ መብራት ላይ የጎደለው ቆሎው ብቻ ነው።

እኔ ራሴ ሩቅ ነው የተማርኩት። ምርጫ ግን አልነበረም። በእኛ ቀበሌ ሁለተኛ ደረጃ ስላልነበረ ወረዳው ከተማ ላይ ከሁለት ልጆች ጋር ክፍል ተከራይተን፣ ቅዳሜ ወደ ቤት በእግር፣ እሑድ ከሰዓት ድርቆሽና ቆሎ በከረጢት ተሸክመን እንመለስ ነበር። ዛሬም በብዙ የአማራ ገጠር እንዲሁ ነው። ከዚያ ከፍ ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908፣ ተፈሪ መኰንን በ1925፣ ጄኔራል ዊንጌት በ1946 ሲከፈቱ የአገሩን ልጅ ወደ አንድ ከተማ ሳቡት፤ ዊንጌት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተለቀሙ ጎበዞችን እያሳደረ ያስተምር ነበር። እንግዲህ በሁለት ትውልድ ውስጥ ጎበዝ ልጅ ማለት ርቆ የሄደ ልጅ ማለት ሆነ። ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሄድን፤ ስለሄድን ተማርን፤ አሁን ትምህርት ቤቱ ደጃችን ላይ ቢሠራልንም ሄዶ መማሩን አልተውንም።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ስነግራት «እሺ፣ አንተስ ወረዳ ከተማ ሄደህ ነው ሰው የሆንከው አይደል?» አለች። በዚህ ዓይነት ሙግት ከባለቤት ጋር አሸናፊ የለም።

የእሷ ምርጫ ኢስት ነው። ኢስት ሃይስኩል ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ሲቲ ፓርክ አጠገብ ያለ፣ የሰዓት ማማ ያለው የ1925 ሕንፃ ነው። ከእኛ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የኦስካር የመጀመሪያዋ ጥቁር ተሸላሚ ሃቲ ማክዳንኤል የትምህርት ቤቱ ተማሪ ነበረች፤ ተዋናዩ ዶን ቺድል እዚያ ተመርቋል። ባለቤቴ አንዳቸውንም በፊልም አይታ አታውቅም፤ ግን ሕንፃውን ስታየው «ይኼ ትምህርት ቤት ይመስላል» አለች። የእኛ ሰፈሩ ግቢ አዲስና ብርሃናማ ስለሆነ ለእሷ ክሊኒክ ነው የሚመስላት።

ማስረጃም አላት። ኦራሪያ ግቢ ውስጥ የማታ ትምህርት ስትከታተል አንዲት ትንሽ የጡብ ቤት አይታለች፤ የጎልዳ ሜየር ቤት ናት፤ ሙዚየም ሆናለች። ጎልዳ ሜየር ከ1969 እስከ 1974 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ናት። ልጅ ሆና ሚልዋኪ ስትኖር ወላጆቿ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለሴት ልጅ ምን ያደርጋል፣ ብታገባ ይሻላል አሏት። እሷም ጠፍታ በባቡር ወደ ዴንቨር፣ እህቷ ጋ መጣች፤ ኖርዝ ሃይስኩል ገብታ ተማረች። ባለቤቴ ይህን ለልጃችን እራት ላይ ተርካ ስታበቃ «አየሽ? ያቺ ከሚልዋኪ ነው የመጣችው፤ አንቺ ኮልፋክስ ራቀኝ ትያለሽ!» አለች።

ልጅቷ አኘከች፣ ዋጠች። «እማዬ፣ እሷ እኮ ከእናቷ ጠፍታ ነው የሄደችው። እንደሱ ላድርግ?»

እናቴ ሽሮውን ወደ እኔ ገፋችው፤ ሳቋን ለመደበቅ።

የልጃችን ምርጫ ቀላል ነው። መተኛት ትፈልጋለች። አሜሪካን አካዳሚ ኦፍ ፔዲያትሪክስ የሚባለው የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2014 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ8፡30 በፊት ባይጀምሩ ይሻላል ብሎ መክሯል፤ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ማለት ነው። የጎረምሳ እንቅልፍ በተፈጥሮው ወደ ሌሊት ይገፋል፤ በጊዜ ተኛ ብትለው ጣሪያውን ያያል። ጎረቤታችን የቼሪ ክሪክ የትምህርት ወረዳ በ2017 ሁለተኛ ደረጃዎቹን ወደ 8፡20 አሸጋግሯል። ልጃችን ይህን ሁሉ አንብባ የራሷን ስሌት አቀረበችልን። ሰፈሯ ብትማር ደወሉ ሊደወል ትንሽ ሲቀር ከአልጋዋ ትወርዳለች። ኢስት ብትማር ግን በክረምት ገና ሳይነጋ ወጥታ፣ አውቶቡስ ይዛ፣ ከዚያ የአየር ማረፊያውን ባቡር፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ። «ባቡሩ ነፃ ነው እኮ» አለች ባለቤቴ። እውነቷን ነው። ከ2023 ጀምሮ ዕድሜው 19 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በከተማው ሕዝብ ማመላለሻ፣ በአርቲዲ አውቶቡስና ባቡር ያለ ክፍያ ይሳፈራል። «እንቅልፌ ግን ነፃ አይደለም» አለቻት።

እናትና ልጅ ተፋጠው ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ በረዶ በጣለ ቀን ማን እንደሚነዳ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ኑሮዬ ከመሪ ጀርባ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰውን በገንዘብ ሳመላልስ ውዬ ማለዳ ማለዳ ልጅን በነፃ ማመላለስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው አየር ማረፊያ ተራ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። ተራ መጠበቂያው ደግሞ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2016 ግሪን ታክሲ የሚባለው የሾፌሮች ማኅበር 800 ገደማ አባላት ይዞ ሥራ ሲጀምር ከየአገሩ የመጣ ሾፌር ነበረበት፤ የእኛም ሰው በብዛት። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችን ወደ ኡበር ገባን፤ ክርክሩ ግን አልተቋረጠም። ፖለቲካ፣ ሃይማኖት፣ የዶላር ምንዛሪ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት።

የተራ መጠበቂያው ሊቃውንት ትምህርት ቤት የሚመዝኑበት ዋናው መስፈርት ስንት ሐበሻ አለበት የሚለው ነው። ብዙ ሐበሻ ካለ «እርስ በርሳቸው አማርኛ እያወሩ ይበላሻሉ» ይላሉ፤ አማርኛ የሚያወሩ ልጆች ቢያጋጥሟቸው ደግሞ በደስታ የሚያለቅሱት እነሱው ናቸው። ሐበሻ ከሌለ «ልጄ ብቻዋን ትሆናለች» ይላሉ። ተከራክረው ተከራክረው የሚስማሙበት ትምህርት ቤት አንድ ሌላ ሐበሻ ብቻ ያለበት ነው፤ እሱም ጎበዝ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ ወንድ ከሆነ ደግሞ አንገቱን የደፋ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ዴንቨር ውስጥ እስካሁን አልተገኘም፤ ፍለጋው ግን አልቆመም።

ሌላም ነገር ታዘብኩ። ሩቁን ትምህርት ቤት በጣም የሚያደንቀው ልጁ እዚያ የሚማርለት ሾፌር ነው። ያን ያህል ቤንዚን ያቃጠለ ሰው ስለ ትምህርት ቤቱ ክፉ ሊናገር አይችልም። ልጁ ሰፈሩ የሚማርለት ግን «ምንም አይል» ብሎ ዝም ይላል፤ ይኸው ዝምታው ሌላው ሰው ወደ ሩቅ እንዲነዳ ያደርጋል። ወሬ የሚነዛው የነዳ ነው፤ በእግሩ የሚያደርስማ የሚያወራው የለውም።

አውሮራ ያለችው የባለቤቴ አክስት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አቀረበች። አውሮራ አንድ ከተማ ትሁን እንጂ ከአንድ በላይ የትምህርት ወረዳ ይካፈላታል፤ አንድ ጎዳና ስትሻገር የአውሮራ ትምህርት ቤቶች ቀርቶ ቼሪ ክሪክ ይሆናል። «የመብራት ቢሌን ልስጣችሁ፤ እኔ ጋ ትኖራለች በሉ» አለች። ልፋቱ አያስፈልግም ነበር፤ የኮሎራዶ ሕግ ቦታ እስካለ ድረስ ከሌላ ወረዳም ማመልከት ይፈቅዳል። ይህን ሳስረዳት ቅር አላት። ሐበሻ አክስት በሕግ የሚገኝ ነገር አትረዳም፤ በእሷ በኩል ካልሆነ።

ከእኛ አጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ሣራቸውን ያጭዳሉ። ስለ ፎርሙ ሳወራቸው ማጨጃቸውን አጠፉት። እሳቸው ልጅ ሳሉ በአውቶቡስ ከሰፈራቸው ወደ ሌላ ሰፈር ይወሰዱ ነበር፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ። ታሪኩ የታወቀ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 «ኪስ» በሚባለው የክስ ጉዳይ የዴንቨር ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጥቁሩንና ሂስፓኒኩን ልጅ ከነጩ ሆን ብሎ እየለየ ነበር ብሎ ፈረደ፤ ከ1974 ጀምሮ ልጆች በአውቶቡስ እየተለዋወጡ ይማሩ ጀመር፤ እስከ 1995 ቀጠለ። ገና ከፍርዱ በፊት በ1970 የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አውቶቡሶች በፈንጂ ጋይተዋል። ሰው ልጄ ሩቅ አይማርም ብሎ ፈንጂ እስከማጥመድ ደርሶ ነበር።

«ያኔ ዳኛ ነው ያዘዘን፤ ቤንዚኑንም የከፈለው መንግሥት ነው» አሉኝ። «እናንተን ማን አዘዛችሁ?»

«ባለቤቴ» ለማለት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

እሳቸው የሚያዝኑት ለሞንትቤሎ ሃይስኩል ነው። የትምህርት ቦርዱ በ2010 ደረጃ በደረጃ እንዲዘጋ ወሰነበት፤ የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች በ2014 ተመረቁ። ሰፈሩ በሙሉ ልጁን በየአቅጣጫው ሲበትን ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በነዋሪው ውትወታ በ2022 እንደገና ተከፈተ። እንግዲህ የሰፈር ትምህርት ቤት ዋጋው የሚታወቀው ሲወሰድ ነው ማለት ነው፤ ካልወሰዱብን አንወደውም። እኔ ይህን ለባለቤቴ ባወራላት «ታዲያ ሞንትቤሎንም ጻፈው፤ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ይሻላል ከደጃችን» አለች።

የፎርሙ መዝጊያ ሲቃረብ እኔ ነገሩን በሳይንስ ልፍታው አልኩ። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀቱን በአማርኛም ስለሚያስተረጉም ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ፎርሙ ሲሞላ ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ልጅ የዕጣ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት ግን ቅድሚያ የሚያገኙ አሉ፤ የአጥቢያው ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት እዚያው የሚማርለት። የልጁን አንደኛ ምርጫ ይሞክርለታል፤ ካልተገኘ ሁለተኛውን፤ እንዲያ እያለ ይወርዳል። ከጀርባው ያለው ሒሳብ የማን እንደሆነ ሳይ ግን ሳቄ መጣ። በ1962 ዴቪድ ጌል እና ሎይድ ሻፕሊ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ያወጡት ነው፤ የጽሑፋቸው ርዕስ ስለ ኮሌጅ ቅበላና ስለ ትዳር ጽናት ነው። ወንዶችና ሴቶች የሚፈልጓቸውን ሰዎች በቅደም ተከተል ቢጽፉ፣ ሁሉንም አጋብቶ አንድም ጥንድ «ካንተ ይልቅ ከእሱ ጋር ብሆን» ብሎ እንዳይከዳዳ ማድረግ ይቻላል ብለው አረጋገጡ። ሻፕሊ ከአልቪን ሮት ጋር በ2012 የኖቤል ሽልማት ወሰደ፤ ሮት ይህንኑ ሒሳብ በየከተማው ለትምህርት ቤት ድልድል ያዋለው ሰው ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ያለ ኖቤል ስንቱን አጋብተዋል፤ ጽናቱ ላይ ግን አልከራከርም።

የዚህ ሒሳብ ዋናው ውበት ተንኮል አለማስፈለጉ ነው። የምትፈልገውን በትክክል በቅደም ተከተሉ ከጻፍክ አትጎዳም፤ አንደኛ ያደረግከው ሩቅና የማይገኝ ቢሆን እንኳ ሁለተኛህን አያስጥልህም። ይህን ተራ መጠበቂያው ላይ ስናገር ሰው ሁሉ በሐዘኔታ አየኝ። አንዱ ታላቃችን ትከሻዬን ይዘው ገለል አደረጉኝና «ወንድሜ፣ ፎርም ላይ እውነቱን የጻፈ ሰው የት ደርሶ አይተሃል?» አሉ። የእሳቸው ምክር የማይፈልጉትን አንደኛ፣ የሚፈልጉትን አራተኛ ማድረግ ነው፤ «እንዳያውቁብህ»። ልጃቸው አራተኛ የጻፉትን አላገኘም፤ ያገኘው አንደኛ የጻፉትን ነው። አሁን በየቀኑ እዚያ ያደርሱታል።

እኔ ግን ሳይንሱን አመንኩ። እውነቱን እንጻፍ አልኩ። እዚህ ላይ ነው የኖቤሉ ሒሳብ ያልደረሰበት ነገር የገጠመን። ጌልም ሻፕሊም አንድ ቤት አንድ ፍላጎት አለው ብለው ነው የተነሡት። በእኛ ቤት አራት እውነት አለ። የባለቤቴ እውነት ኢስት ነው። የልጄ እውነት ቴሉራይድ ጎዳና ነው። የእኔ እውነት ኖርዝፊልድ ነው፤ በ2015 የተከፈተ ነው፣ ይርቃል እንዳይባል ቅርብ፣ ይቀርባል እንዳይባል ሩቅ፣ እዚያ አድርሻት ስመለስ የአየር ማረፊያው መንገድ ላይ እውላለሁ። እናቴ እውነቷን ስትጠየቅ «ታቦት የሚቀርባት የትኛው ነው?» አለች፤ ታቦቱ ግን ለአንዳቸውም አይቀርብም፤ ሁሉም በመኪና ነው።

ከእራት በኋላ ተነጋገርን፤ አልተስማማንም። ባለቤቴ ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጭ ብላ ኢስትን አንደኛ አድርጋ ላከች። ፎርሙ እስኪዘጋ ድረስ ግን መግባትና ማስተካከል ይቻላል፤ የሚያዘው የመጨረሻው ነው። የይለፍ ቃሉ ደግሞ የቤቱ ሁሉ ይለፍ ቃል ነው፤ የልጃችን ስምና የተወለደችበት ዓመት። በማግስቱ ሳይ ኢስት ሁለተኛ ሆኗል። ዝም አልኩ፤ ኖርዝፊልድን አንደኛ አደረግኩት። በሦስተኛው ቀን ኖርዝፊልድ አምስተኛ ነው፤ በላዩ ላይ ሞንትቤሎ ጭምር ገብቷል። አንድ ማታ ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ትምህርት ቤት አራተኛ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ካርታ ላይ ስፈልገው ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት መንገድ ቢቀረው ነው። እናቴን አየኋት። ስልክ መንካት አትችልም ብለን ነበር። ቡናዋን ትቆላለች።

በእነዚያ ሳምንታት በቤታችን ስለ ትምህርት ቤት የሚያወራ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰላም አይተን አናውቅም። ባለቤቴ ፈገግ እያለች ትሠራለች፣ ልጅቷ እየዘፈነች ሳህን ታጥባለች፣ እኔም ልቤ ረክቶ እነዳለሁ፤ ሁላችንም የመጨረሻዎቹ እኛ እንደሆንን እናውቃለን። በመዝጊያው ምሽት ሁሉም ራስ ምታት ይዞት በጊዜ ወደየክፍሉ ገባ። ከበር ስር ሦስት ሰማያዊ ብርሃን ይታያል።

መልሱ በኢሜይል ሲመጣ ሁላችንም ሳሎን ነበርን። ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበች፤ «እንኳን ደስ አላችሁ። ልጃችሁ አንደኛ ምርጫችሁን አግኝታለች።»

እልል አልን። እናቴም እልል አለች። ተቃቀፍን። ከዚያ ባለቤቴ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ልጄ ዞር ብለን ሦስታችንም በአንድ አፍ «የትኛውን?» አልን።

ገጹ እስኪከፈት ጊዜ ወሰደ። ቴሉራይድ ጎዳና ነው። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ልብሷን ሳትቀይር ሄዳ ተኛች። ባለቤቴ ጥቂት ዝም ብላ ስልኳን አነሣችና አውሮራ ላለችው አክስቷ ደወለች። «የሳይንስና የቴክኖሎጂ ነው» ስትል እሰማለሁ፤ «ሰው ከሞንትቤሎ እየነዳ ነው የሚመጣበት፤ ቦታ እኮ አይገኝም።»

በማግስቱ ኮምፒዩተሩን ስከፍት የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። ባለቤቴን ብጠይቃት አልሰማችኝም። ሁለተኛዋ ልጃችን ሰባተኛ ክፍል ናት።